አባቴ ገበሬ አይደለም

ውድ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ስለ አገር ዕድገትና ስለ ቴክኖሎጂ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ውሸት ነው። ውሸቱን የተናገርሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ የተናገርሁትም ሦስት ጊዜ ነው። ነገሩ የግል ቢመስልም፥ ሁላችንም ከምንመኘው የቴክኖሎጂ ትምህርት ጋር የተያያዘ ሆኖ ስላገኘሁት በእናንተ ፊት ላወጣው ቆርጫለሁ።

የመጀመሪያውን የተናገርሁት ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው። ትምህርት ቤቱ ከመንደራችን የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ ስለሚርቅ፥ ከሦስት ልጆች ጋር ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ስንቃችን በየሁለት ሳምንቱ ከየቤታችን ይመጣል፤ ቆሎውንም ድርቆሹንም አንድ ላይ አድርገን እንበላለን። አንድ ማታ ከልጆቹ አንዱ «ያንተ አባት ሥራው ምንድን ነው?» ቢለኝ፥ «ገበሬ ነው» አልሁት። እውነቱን ብናገር ከእናቴ እጅ የመጣውን ድርቆሽ የሚቀምስልኝ እንደማይኖር አውቅ ነበርና።

ሁለተኛውን የተናገርሁት እዚሁ ግቢ፥ መኝታ ቤታችን ውስጥ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ከሠርክ ጸሎት ተመልሼ ነጠላዬን ገና ሳላወልቅ፥ ልጆቹ ስለ ቡዳ እያወሩ ሲሳሳቁ ደረስሁ። አንዱ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «በእናንተ አገር ጠይብ ይበዛል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ። «እኔ አላውቅም፤ እኛ ገበሬዎች ነን» ብዬ መለስሁ። ይህን ያልሁት ከጸሎት በተመለስሁበት አፌ ነው።

እውነቱ ግን እንዲህ ነው። አባቴ ገበሬ አይደለም፤ ቀጥቃጭ ነው። እናቴም ሸክላ ትሠራለች። ቤታችን በሰሜን ሸዋ ቆላ፥ ከመንደሩ ትንሽ ገለል ብሎ ተሠርቷል። በግንቦትና በሰኔ የአገሩ ገበሬ ሁሉ ማረሻውን ይዞ ከደጃችን ይሰለፋል። አባቴ ሥራ ሲጀምር መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት ያማትባል። እኔና ታናሽ እኅቴ በየተራ ወናፍ እንነፋለን። ብረቱ በከሰሉ ውስጥ ግሎ ሲቀላ በጉጠት ያወጣውና ይቀጠቅጠዋል፤ ከዚያም ውሃ ያጠጣዋል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ በእህል ይከፈላል።

ማረሻው ከተሾለ በኋላ ግን ገበሬው ከቤታችን ገብቶ ውሃ አይጠጣም። እናቴ በመንገድ ስታልፍ ሴቶች የወተት ዕቃቸውን ይሸፍናሉ። ከጎረቤት ልጅ ቢታመም፥ ማንም ቃል ሳይናገር ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ቤት ይዞራል። አባቴ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ሲሉ በልጅነቴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አባቴን ስጠብቀው ያደርሁትን አልረሳም። ሲያንኮራፋ አደረ።

እንዲህ የሚሉንም ሰዎች ክርስቲያኖች ናቸው፤ እኛም ክርስቲያኖች ነን። በአንድ ደብር እንጠመቃለን፤ በአንድ ደብር እንቀበራለን። የቤተ ክርስቲያኑ በር ማጠፊያው በወለቀ ጊዜ የሠራው አባቴ ነው፤ ገንዘብም አልተቀበለበትም። ከእናቴ እጅ ውሃ የማይጠጣው ሰው በየእሑዱ መጥቶ ያንኑ በር ይሳለማል። ትንሽ ከፍ ብዬ ይህን ማሰብ ስጀምር ልቤ ሸፈተ። ከደጀ ሰላሙ ቆሜ ሕዝቡ ሲሳለም እያየሁ፥ እኔ ግን ሳልሳለም የምመለስበት ጊዜ ነበር። እናቴ ነገሩን አስተውላ ኖሮ፥ አንድ ቀን ጭቃዋን እያሸች «አዳምን ከአፈር ያበጀው እርሱ ሸክላ ሠሪ አይደለም ወይ? ሰው ቢንቀኝ እርሱ አይንቀኝም፤ አንተም ሰውን ተቀይመህ እርሱን አትሽሽ» አለችኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እስከ ዛሬ ግን ከዚያ የሚበልጥ ስብከት አልሰማሁም።

ሳድግ ምኞቴ የብረትን ነገር ጠልቆ ማወቅ ነበር። ብረት ሲግል ለምን ይለሰልሳል? ውሃ ሲጠጣ ለምን ይጠነክራል? አባቴን ብጠይቀው «አባቴ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። ይህን የሚያስተምር ትምህርት በዩኒቨርሲቲ መኖሩን የነገረኝ አንድ መምህር ነው። ነገር ግን እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ለወራት የማይኖርበት ጊዜ ነበረ፤ የቤተ ሙከራውም ክፍል ቁልፍ እንደ ሆነ ከረመ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ፈርቼ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ዞርሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወሰድነው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተን ነው። በዚያ ዓመት ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። እኔም ከወደቁት መካከል ሆኜ፥ በማካካሻው ትምህርት አልፌ ነው ወደ አርት ፋኩልቲ የገባሁት። እንግዲህ ቴክኖሎጂ ለእኔ ከመንገድ ማዶ ያለ ግቢ ሆኖ ቀረ።

ይሁን እንጂ የታሪክ ትምህርት ፊቱን አዙሮ ወደዚያው ወደ ብረቱ መለሰኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ያሠሩት፥ ወንጌል ለመስበክ ከመጡ አውሮፓውያን ወጣቶች ጋር ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ ነበሩ። በአንድ እጃቸው መጽሐፍ ቅዱስ፥ በሌላው መዶሻ ይዘው መጡ፤ ይህም በአገራቸው እንደ ነውር አልተቈጠረባቸውም። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ከእጃቸው ወጥቶ፥ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ የጋፋት ሥራ አብሮ ተበተነ። የአውሮፓውያኑን ስም በመጻሕፍት እናገኛለን። ከሰሉን ያከሰለው፥ ወናፉን የነፋው፥ ብረቱን የቀጠቀጠው ያገር ልጅ ስሙ ማን ነበር? የእርሱን ስም ግን እኔ ባነበብሁት መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም።

ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ አዘዋል። ብረት ሠሪውም ሸማኔውም በዐዋጁ ተነሥተዋል። ዐዋጁን ባነበብሁ ጊዜ ደስታም ኀዘንም ተሰማኝ። ደስ ያለኝ ንጉሡ አባቴን ስላሰቡልኝ ነው። ያዘንሁት ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እናቴ ስታልፍ የወተቱ ዕቃ እስከ ዛሬ ስለሚሸፈን ነው። ዐዋጅ አፍን ይዘጋ ይሆናል፤ ልብን ግን አይከፍትም።

ባለፈው ዓመት በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የሚማር አንድ ወዳጄ ወደ ወርክሾፓቸው ይዞኝ ገባ። ቶርኖውን፥ የብየዳውን መሣሪያ፥ የብረት ማጋያውን ምድጃ አንድ በአንድ አሳየኝ። ከዚያም ስለ ብረት አጠነካከር ሲያስረዳኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በቂ ካርቦን ያለበት ብረት ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ አደረጃጀቱ ይለወጣል፤ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና በጥቂቱ ያሞቁታል፤ ፊቱ የገለባ መልክ ሲያወጣ ሙቀቱ 230 ዲግሪ ያህል መድረሱን ያውቃሉ። አባቴ ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋና መጥረቢያ ሲሠራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ገለባ ሲመስል አውጣው» እያለ ነው ያሳደገኝ። ያለ ሙቀት መለኪያ፥ በዓይኑ ብቻ የሚያውቀው ነገር በመጽሐፍ ተጽፎ አገኘሁት።

ለበዓል አገሬ ስገባ ይህን ለአባቴ በደስታ ነገርሁት። እርሱ ግን ፊቱ ጠቈረ። «እኔ ያስተማርሁህ ከዚህ እንድትወጣ ነው፤ አንተ ደግሞ ዞረህ ወደ ወናፉ ትመለሳለህ?» አለኝ። አልፈረድሁበትም። ትምህርት ማለት ለእርሱ ከመዶሻ ማምለጫ ነው። አብሮን ያለችው እኅቴ ግን ዓይኗ በራ። እርሷ አሁን ወደ መጨረሻው ፈተና ተቃርባለች፤ የተፈጥሮ ሳይንስ መርጣለች። ምኞቷም መሐንዲስ መሆን ነው። «ጋሼ፥ ወናፉን በሞተር ባደርግለት የአባባ ደረት ያርፋል» ትላለች።

ሦስተኛው ውሸቴ በእርሷ ላይ የደረሰ ነው። በቅርቡ ስልክ ደውላ «ጋሼ፥ ፎርም ሙሉ ተብለናል፤ የአባት ሥራ የሚል ቦታ አለ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። ወዲያውኑ «ገበሬ በይ» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ «እሺ ጋሼ» አለችና ስልኩን ዘጋች። የእርሷ ዝምታ ሌሊቱን ሁሉ በጆሮዬ ሲጮኽ አደረ። እስከዚያ ቀን የካድሁት ለራሴ ነበር፤ አሁን ግን ሌላውን ክህደት አስተማርሁ።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ቀኖና ይሰጡኛል፥ ስግደት ያበዙብኛል ብዬ ነበር። አባ ግን ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፥ ለመሆኑ ጌታን የአገሩ ሰዎች ምን ብለው ነበር የናቁት?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ጸራቢ ብለው ነው አባ» አልኋቸው። «ደግሞስ በኦሪት መንፈሰ እግዚአብሔር ሞላበት ተብሎ፥ ድንኳኑን እንዲሠራ በስሙ የተጠራው ማን ነው?» አሉኝ። ባስልኤል መሆኑን አስታወስሁ፤ እርሱም ወርቁን፥ ብሩንና ናሱን የሚሠራ ባለ እጅ ነበር። «እንግዲያስ አባትህን የካድህ ብቻ አይምሰልህ» አሉኝ። ቀጥለውም «ስግደቱን ተወው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ሦስት ጊዜም ትወደኛለህን ተባለ። አንተም በካድህበት ቦታ ሂደህ መስክር» ብለው አሰናበቱኝ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ቀኖናዬ ነው። የካድሁት በተማሪዎች መካከል ነውና የምመሰክረውም በተማሪዎች መካከል ነው።

ምናልባት «ዛሬማ መሐንዲስ ይከበራል እንጂ ማን ይንቀዋል?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ዲግሪ የያዘውን እናከብራለን። ነገር ግን ለቴክኒክና ሙያ ትምህርት የደረሰውን ልጅ «ወድቆ ነው» የምንል እኛው አይደለንምን? እጁ ግራሶ የነካውን ሠራተኛ በታክሲ ውስጥ ስናይ ልብሳችንን የምንሰበስብ እኛው አይደለንምን? በወረቀት ያለውን ቴክኖሎጂ እየወደድን በእጅ ያለውን ከናቅን፥ የምንመኘው ስሙን እንጂ ነገሩን አይደለም። ድኻውና ባለ እጁ ልጁን ከእጁ ሥራ ለማሸሽ ብቻ የሚያስተምር ከሆነም፥ ከአባት ወደ ልጅ የመጣው ዕውቀት ከመጽሐፉ ጋር ሳይገናኝ ይሞታል። ለዚህም ጥፋተኛው አባቴ አይደለም፤ ያሸሸው ንቀታችን ነው።

እኔ ራሴ ቀድሞ ስጸልይ «ከዚህ አውጣኝ» እል ነበር። አሁን ጸሎቴ ተለውጧል። እኅቴ ወደ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ እንድትገባ፥ ከገባችም በኋላ የአባቷን ዓይንና የመምህሯን መጽሐፍ አንድ ላይ እንድታደርግ እጸልያለሁ። እኔም በበኩሌ ለመመረቂያ የሚሆነኝን ጥናት በአገራችን ቀጥቃጮች ታሪክ ላይ ላደርግ አስቤአለሁ። ስማቸው ያልተጻፈላቸውን ቢያንስ የአንድ ቆላ ሰዎች ስማቸውን ልጽፍ እፈልጋለሁ።

ከአባ ዘንድ ስወጣ ለእኅቴ ደወልሁላት። «ያልሁሽን ተይው፤ ቀጥቃጭ ብለሽ ጻፊ» አልኋት። «ጋሼ፥ ባዶ ትቼው ነበር፤ ውሸቱን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ከሁለታችን ማን እንደሚታመን በዚያን ጊዜ ገባኝ።

ለአባቴ ገና አልነገርሁትም። ለፋሲካ አገሬ ስገባ ከወናፉ አጠገብ ተቀምጬ እነግረዋለሁ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ከዚያ በፊት ግን በመኝታ ቤታችን የሚገኙ ወንድሞቼ፥ እናቴ የምትልክልኝን ድርቆሽ ከማን እጅ እንደ መጣ አውቃችሁ እንድትቀምሱልኝ እለምናችኋለሁ። እግዚአብሔር ሁላችንንም ይርዳን።

አንድ የአርት ፋኩልቲ የታሪክ ተማሪ