ስለ ደብዳቤ ምሥጢርና ስለ ቀላል ቁልፍ

አባቶቻችን ደብዳቤ በሚልኩበት ጊዜ አስቀድመው የሚመረምሩት የመልክተኛውን ታማኝነት ነበር። ዛሬ ግን መልክተኛው ፊቱን የማናየው መሣሪያ ስለ ሆነ፤ በኢሜይል የሚጻፈውን የቤተ ሰብ ምሥጢር በምን እንጠብቀው ብሎ ማሰብ የእያንዳንዱ አባወራ ተግባር ሆኗል።

እኔ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ የምተዳደር ሰው ስለ ሆንሁ፤ አስቀድሜ ወደ ሕጉ እመለከታለሁ። በ1923 ዓ. ም. የቆመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጹ፤ ሕግ ከፈቀደው በቀር የደብዳቤን ምሥጢር ማንም እንዳይደፍር ደንግጎ ነበር። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በዚያው በ26ኛው አንቀጽ፤ በፖስታም በስልክም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያም የሚደረገው ግንኙነት እንዳይደፈር አዝዟል። ዳሩ ግን ሕግ የሚቀጣው ደብዳቤው ከተከፈተ በኋላ ነው፤ የፈሰሰ ውኃም አይታፈስም።

የእምድብር ሰው ቤተ ሰቡ የሚሰበሰበው ለመስቀል ነው፤ በቀረው ጊዜ በየአገሩ ተበትኖ ይኖራል። ታላቅ ወንድሜ በአዲስ አበባ ይነግዳሉ፤ እኅቴ በውጭ አገር ናት፤ እናታችን ከእኔ ዘንድ ናቸው። ባለፈው ዓመት እናታችን ቢታመሙ የሐኪም ወረቀት በመካከላችን ይመላለስ ጀመር። እርሳቸውም ሕመማቸው ከልጆቻቸው አልፎ እንዳይሰማ አስጠነቀቁን፤ እኛም ቃል ሰጠናቸው።

ይህን ቃል ለመጠበቅ ተራው ኢሜይል አይበቃም። ደብዳቤው በመንገድ ላይ ቢቆለፍም፤ በሚያድርበት ኩባንያ ቤት ቁልፉ የኩባንያው ነውና። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደረግ ምስጠራ ግን የላኪውና የተቀባዩ ብቻ ነው። ይኸውም እያንዳንዱ ሰው የተከፈተ ጓጉንቸር ለወዳጆቹ አድሎ፤ መክፈቻውን በእጁ እንደሚያስቀር ያለ ነው፤ የፈለገ ይቆልፍበታል፤ የሚከፍተው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው።

የእኅቴ ልጅ ፊል ዚመርማን የሚባል አሜሪካዊ በ1983 ዓ. ም. ያወጣውን ፒ. ጂ. ፒ. የሚባለውን መሣሪያ አመጣልን። ብርቱ ቁልፍ ነው፤ ነገር ግን በ1991 ዓ. ም. በአሜሪካ 12 ሰዎች 90 ደቂቃ ተሰጥቷቸው ቢፈተኑበት፤ በትክክል ቆልፈው ለመላክ የቻሉት ከሦስት አንድ እጅ ብቻ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜም ጥቂት ሞክረው፤ «ከዚህስ እስከ እምድብር በእግሬ ብመጣ ይቀለኛል» አሉ።

ስለዚህ መቆለፉን መሣሪያው ራሱ የሚሠራውን መረጥን። በስዊስ አገር በ2006 ዓ. ም. የተጀመረው ፕሮቶን፤ በጀርመንም ያለው ቱታ እንደዚህ ያሉ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በአንዱ ቤት ከገቡ ደብዳቤው ሳይጠየቅ ይቆለፋል፤ ከውጭ ላለ ሰው ደግሞ የይለፍ ቃል ተደርጎለት፤ ቃሉ በሌላ መንገድ ይነገረዋል። እኛም ፕሮቶንን ያዝን፤ ወንድሜም በአንድ ቀን ለመዱት።

ዳሩ ግን ወሰኑን ማወቅ ይገባል። በፕሮቶን የደብዳቤው ርእስ እንዲህ አይቆለፍምና የሕመሙ ስም በርእስ አይጻፍም፤ ማን ለማን መቼ እንደ ላከም አይሰወርም። የይለፍ ቃሉንና ለመጠባበቂያ የተሰጠውን ቃል አጥፍቶ የተገኘ ሰው አሮጌ ደብዳቤዎቹን አያገኛቸውም።

ምናልባት ክፉ ያልሠራ ሰው ምን ይሸሽጋል የሚል ይኖር ይሆናል። በሚያዝያ 2006 ዓ. ም. ዞን ዘጠኝ የሚባሉት የኢንተርኔት ጸሓፊዎችና ጋዜጠኞች በተያዙ ጊዜ፤ የምስጠራ ትምህርት መቀበላቸው በሽብር ክሳቸው ውስጥ ተጽፎ ነበር። በሐምሌ 2007 ዓ. ም. የአምስቱ ክስ ተነሣ፤ በጥቅምት 2008 ዓ. ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት የቀሩትን ከሽብር ክስ ነጻ አላቸው። በሽተኛ እናት ያለችው ሰው በሩን ዘግቶ ቢነጋገር ማንም ወንጀለኛ አይለውም፤ ደብዳቤውን የዘጋም እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ለቤተ ሰብህ ቁልፍ በምትመርጥበት ጊዜ ከሁሉ የበረታው የቱ ነው ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ከቤተ ሰብህ መሣሪያ የማይወደውን ሰው አስቀድመህ አስሞክረው፤ እርሱ ሳይቸገር ከፍቶ ከዘጋው ያንን ያዝ። አንዱ ሰልችቶት በተራው ኢሜይል የመለሰ እንደ ሆነ የሁላችሁም ድካም ከንቱ ይሆናልና።