«ባለሙያ ናት» ካልን ስሟንም እንጥራ

በአገራችን የአንዲት ሴት እጅ ሲመሰገን «ባለሙያ ናት» ይባላል። መሶብ ብትሰፋ፣ ጥጥ ብትፈትል፣ ጀበና ብትሠራ ምስጋናው ያው ነው። «የጥበብ ሰው» የሚለው ስም ግን ወደ እሷ ደጅ እምብዛም አይደርስም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ተቀምጬም ሆነ አንኮበር ዘመድ ጥየቃ ስሄድ የሚከነክነኝ ይኸው ነው።

አንኮበር የእጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የትውልድ ስፍራ ነው። በ1925 ዓ.ም. እዚያ ተወልደው አዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል እስከ መሥራት ደርሰዋል። ስማቸውን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፤ ይገባቸዋልም። በዚያው በአንኮበር በየሠርጉ የሚቀርበውን መሶብ የሰፋችውንስ ማን ብለን እንጠራታለን? ብዙ ጊዜ «የእከሌ እናት» ብለን እናልፋለን።

መሶብ የወራት ሥራ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሰንደዶውና አክርማው ይለቀማል፣ ይሰነጠቃል፣ ይደርቃል፣ ከፊሉ ቀለም ይገባል። ከዚያ ወስፌ ይዞ ቁጭ ማለት ነው። በወረቀት ላይ የተነደፈ ነገር የለም። ቀዩ በስንተኛው ዙር እንደሚገባ፣ አፉ የት ላይ እንደሚሰፋ በጭንቅላት ይቆጠራል። አንዱ ስፌት ከሳተ ጌጡ ይዛነፋል። ሥዕልም ሒሳብም ነው።

ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራውን ባናም አስቡት። የሚሸምነው ወንድ ነውና ሲነሳም የሚነሳው የእሱ ስም ነው። ጸጉሩን አጥበው፣ አፍታተው፣ በእንዝርት የሚፈትሉት ግን ሴቶች ናቸው። ፈትሉ ካላማረ ባናው አይጸናም። የእኛን አገር ብርድ የሚያውቅ ሁሉ የዚያች ፈታይ ውለታ አለበት።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የሸክላ ሠሪዎቹ ነገር ነው። ጭቃውን አቡክተው፣ በእጃቸው ቅርጽ አውጥተው፣ በለስላሳ ድንጋይ አሽተው፣ በእሳት ያበስሉታል። በጀበናዋ ቡና እየጠጣን ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን የምንሸሽ ሰዎች ነበርን፤ ዛሬም ነገሩ ጨርሶ አልጠፋም። በሥራ ዘመኔ ልጃቸውን ሊያስከትቡ መጥተው ከሰው ተለይተው ጥግ የሚይዙ እናቶችን አይቻለሁ። አንዷን «ቅረቢ እንጂ» ስላት «ይሁን ሲስተር፣ እዚሁ ይሻለኛል» ያለችኝን አልረሳም። በዚያ ቀበሌ የእሷ ድስት ያልገባበት ቤት ግን አልነበረም።

ደግሞ ሴት ልጅ ዕድሜዋ ሲገፋ ሙያዋም አብሮ ያበቃለት ይመስለናል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ላስታውሳችሁ። ፒያኒስቷና የዜማ ደራሲዋ እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ዓለም በስፋት የሰማቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራዎቻቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም ከወጡ በኋላ ነው፤ ያኔ 80 ዓመት አልፏቸዋል። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ።

ታዲያ የእኛ እናቶች ወስፌውን ለምን ቶሎ ያስቀምጡታል? ብዙዎቹ «ዓይኔ ደከመ» ይላሉ። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርቡን ማየት ሲያስቸግር አብዛኛውን ጊዜ የማንበቢያ መነጽር ይበቃዋል። በህንድ አሳም ግዛት 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሻይ ለቃሚዎች የቅርብ መነጽር ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው የሥራ ውጤታቸው መነጽር ካልተሰጣቸው ከ20 በመቶ በላይ በልጦ ተገኝቷል። ዓይን እንደ ጭጋግ ከጋረደው ደግሞ ሞራ ሊሆን ይችላልና መመርመር ነው፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። 70 ዓመት ያለፋቸው አንዲት ጎረቤቴ «እንግዲህ ዕድሜ ነው» ብለው ሁለት ዓመት ስፌት ትተው ነበር። ሞራው ሲነሳላቸው መጀመሪያ የጠየቁት አለላቸው የት እንደተቀመጠ ነው።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት እሳቸው ቤት አራት ሴቶች እንሰባሰባለን። እኔ ገና ሰፌድ ላይ ነኝ። እጄን እያዩ «ሲስተር፣ መርፌ ስትወጊንም እንዲህ ነበር የምትንቀጠቀጪው?» ይሉኛል። ስቀን ቡና እናፈላለን። ለእኛ ዕድሜ ይህ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ጣት ይፍታታል፣ ሐሳብ ይሰበሰባል፣ ብቸኝነት ይርቃል። ብቻ ብርሃን ያለበት ቦታ መቀመጥ፣ ወገብን መደገፍ፣ በየመሃሉ ተነስቶ መንጠራራት ያስፈልጋል። ከገበያ የሚገዛውን የዱቄት ቀለምም ወጥ በሚሠራበት ድስት አታፍሉት።

ግን ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጎረቤቴ ከእናታቸው ያዩት አንድ ጌጥ አለ። ልጆቻቸው አልተማሩትም፤ ከእኛም መካከል የሚያውቀው የለም። እሳቸው ካለፉ አብሯቸው ያልፋል። ስለዚህ እነሱ ሲሰፉ የልጅ ልጄ በስልኳ ትቀርጻለች። ባለፈው «አያቴ፣ ይሄ መሶብ የማን ነው ብዬ ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጎረቤቴ ቀበል አድርገው «የማን ይሁን ልጄ፣ የኔ ነዋ!» አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት ድረስ ነገሯት፤ «ደህና አድርገሽ ጻፊው» ሲሉ ድምፃቸው ተለወጠ።

የዕድሜዬን እኩሌታ የሰው ስም ካርድ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ስሙ የተጻፈ ሰው ተፈልጎ ይገኛል። እናንተም ቤታችሁ ያለውን መሶብ ማን እንደሰፋው፣ በስንት ዓመተ ምህረት እንደተሰፋ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ በትንሽ ወረቀት ጻፉና ከውስጡ አስቀምጡ። ገበያ ስትወጡ የሸክላ ሠሪዋን ስም ጠይቁ፤ በዋጋ ስትከራከሩም ድካሟን አስቡ። የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲከበር አበባ ከመስጠት ጎን ለጎን የሰፈራችሁን ባለሙያ እናት ሥራቸውን አስይዛችሁ በእድሩ ፊት አቁሟቸው፣ በስማቸውም ጥሯቸው። የልጅ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ሙያው የሚያልፈው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ላየ ነው።