ፕላስቲኩን አውጡልን

ዛሬ አክስቴ ቡና ልትጠጣ ትመጣለች ብዬ ማለዳ መቀስ ይዤ ግቢ ወጣሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገና ማባራቱ ነው። የመስከረም ግቢ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ጽጌረዳው፣ ዳሊያው፣ ማንም ሳይተክላት ከአጥሩ ሥር የፈነዳችው አደይ፣ ሁሉም እኔን እኔን ይላል።

ጽጌረዳውን ግማሽ ሲከፈት ነው የምቆርጠው፣ ቀሪውን ቤት ውስጥ ይጨርሳል። ዳሊያ ግን በእንቡጧ ከተቆረጠች እንደዚያው ትቀራለች፣ ሙሉ ስትፈነዳ ነው የምትቆረጠው። ጫፋቸውን ሰያፍ አድርጌ ቆርጬ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል በሙሉ መለመልኩት። ቅጠል ውሃ ውስጥ ከበሰበሰ አበባው መጠጣት ያቅተዋል። ከዚያ ረጃጅሙን ከኋላ፣ ዳሊያን መሀል፣ አደይን ዳር ዳሩን አደረግኩ። ዳሊያ እንደ ታላቅ ሚዜ ናት፣ ቦታ ካልለካችሁላት ሙሽራውንም ትሸፍናለች! ለአረንጓዴው ጠጅ ሳር፣ አሪቲና ትንሽ ጤና አዳም ጨመርኩበት። ሳሎኑ ወዲያው በዓል በዓል ሸተተ።

አክስቴ ገባች፣ ተቀመጠች፣ አየችው። «የኔ ልጅ፣ ምነው ፕላስቲኩን ብታደርጊ? አይደርቅ፣ ውሃ አይል» አለችኝ።

በእሷ አልተቀየምኩም። ነገሩ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ዋለ። ባለፈው የተጠራሁበት ሠርግ ትዝ አለኝ። አዳራሹ ከመድረኩ እስከ በሩ ፕላስቲክ፣ ሙሽራዋ እጅ ላይ ያለው እንኳ ጨርቅ። ሆለታ እኮ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት! እዚያ የበቀለ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ሆላንድ ይገባል፣ አልስሜር ጨረታ ላይ ይሸጣል፣ የማናውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥለን ሁለተኛ ነን። የኛ ሙሽራ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ፕላስቲክ ታቅፋ ፎቶ ትነሳለች። ይኼ እኔን ያመኛል።

ከሠርጉም ይብስ የሚያመኝ ሥዕል ፊት የሚቀመጠው ነው። ዘመነ ጽጌ እየመጣ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። እመቤታችንን በአበባ እየመሰለ 40 ቀን የሚያመሰግን ሕዝብ፣ ሥዕሏ ፊት አቧራ የጠጣ ፕላስቲክ እንዴት ያስቀምጣል? እናቴ ቤት የአበባ ማስቀመጫ የሚባል ዕቃ አልነበረም፣ የወተት ቆርቆሮ ነበር። ግን ከግቢዋ የተቆረጠ ነገር ከዚያ ቆርቆሮ ጠፍቶ አያውቅም፣ አበባ ሲያልቅ እንኳ አሪቲው ይኖራል። ጠዋት ጸሎቷን ሳትጀምር ውሃውን ትቀይር ነበር። ያ ውሃ መቀየር ራሱ ጸሎት ነበር ብዬ አምናለሁ።

አዎ፣ ይደርቃል። ሲደርቅ ሌላ ይቆረጣል። አደይማ ከተቆረጠች ብዙ አትቆይም፣ እሷን በየጊዜው መተካት ነው። ለሌሎቹ ግን ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ጫፉን ትንሽ ትንሽ እየቆረጣችሁ አድሱት፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጡት። ከበሰለ ሙዝም አርቁት፣ ሙዝ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ አበባን ቶሎ ያረግፋል።

ግቢ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ደመራ ሳይደርስ መቀስ ይዛችሁ ውጡ። ለራሳችሁ ስትቆርጡ ግቢ ለሌለው ጎረቤታችሁም አንድ እቅፍ አድርሱለት። አደይ እንደሆነች ከኅዳር በኋላ አትገኝም።