ሐረር ያልደረሰው ባቡር

ቤት ለመቀየር ወይም ከተማ ለመልቀቅ ማታ ማታ ተከራክራችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሦስት ሳምንት ተከራክረናል። መሥሪያ ቤቴ ድሬዳዋ ሄጄ የምሥራቁን የገበያ ሥራ እንድመራ ጠየቀኝ። ደረጃውም ደመወዙም ከፍ ይላል። ባለቤቴ ስለ ሙቀቱ፣ እናቴ ስለ ወባው፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ስለ ጓደኞቿ ተጨነቁ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከለመድኩት መውጣት ስለፈራሁ የእነሱን ጭንቀት ሰበብ አድርጌ ይዤው ነበር። በመጨረሻ ባለቤቴ «ሳናየው ከምንጨቃጨቅ ሄደን እንየው» አለ። በግንቦት ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርን።

ልጆች ካሏችሁ አውሮፕላኑን ተዉት። በባቡር ስትሄዱ መሬቱ ዝቅ እያለ ሲሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ለቡ ላይ ሹራብ ለብሰን ነበር። አዳማ ላይ አወለቅን። መተሐራ ላይ ፈንታሌ ተራራንና በሰቃ ሐይቅን ለማየት መስኮቱ ላይ ተጋፋን፣ አዋሽን አለፍን፣ ሜኤሶ ስንደርስ ልጄ በካናቴራ ቀርታለች። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። የፉርጎው በር ሲከፈት የገባው አየር ይህንን ከማንም በላይ አስረዳን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ እስከ መሃል ከተማ ሌላ መኪና ያስፈልጋችኋል።

በማግስቱ ከዚራ ሄድን፤ በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉበት፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ የሚገኝበት ሰፈር ነው። ድሬዳዋ የተወለደችው ከተለወጠ ዕቅድ መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ ባቡሩ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ወደ ሐረር የሚያስወጣው ተራራ ለሐዲድ እጅግ አስቸጋሪና ውድ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ሐረርን ትቶ ከተራራው ሥር በሜዳው አለፈ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ቦታ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ያ ተራራ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህችን ከተማ በዚህ መልኳ አናውቃትም ነበር።

ይህን እየሰማሁ በሙያዬ ልማድ አንድ የማስታወቂያ ጽሑፍ በልቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ያስጣለኝ የአሮጌውን የባቡር ጥገና ክፍል ያስጎበኙን አዛውንት ናቸው። ወጣት ሆነው ተቀጥረው፣ አሮጌው ባቡር ሥራ እስኪያቆም ድረስ እዚያው ብረት ሲቀርጹ ኖረዋል። ባቡሩ ከቆመ በኋላም ለዓመታት በሥራ መግቢያ ሰዓት ይነቁ ነበር። ኋላ ቤታቸው በር ላይ የብየዳ ሥራ ጀመሩ፤ የአልጋ እግር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የከሰል ምድጃ። «ታዲያ ለውጡን እንዴት ተቀበሉት?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ተቀበለው?» አሉኝ። «አልወደድኩትም። ዛሬም አልወደውም። ግን ለካ ለሰው በር መሥራትም እችል ኖሯል።»

«አንቺ» ያሉኝ ንቀው አይደለም፤ እዚያ ከተማ «እርስዎ» ብዙም ቦታ የለውም። መጀመሪያ ትደነግጣላችሁ፣ በሁለተኛው ቀን ታርፋላችሁ። ልጄ እስከ ማታ «አቦ!» ማለት ለምዳ ነበር።

የእኔ ትምህርት የመጣው ዓርብ ከሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ነጋዴ ለማነጋገር መጋላ ሄድኩ። ሱቁ ዝግ፣ ጎረቤቱ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ። በዚያ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ከተማው ያርፋል፤ ወደ ማታ ነው ተመልሶ የሚነሳው። ስምንት ዓመት ሙሉ «ደንበኛን አውቃለሁ» ስል የኖርኩት ሴትዮ የደንበኛዬን የእንቅልፍ ሰዓት እንኳ አላውቅም ነበር። አፈርኩ፤ ትንሽም ደስ አለኝ። አንድ ነገር ከመጀመሪያው ከተማርኩ ስንት ጊዜዬ!

ሁሉም ግን ፈጢራና ሙሸበክ አይደለም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ለመዛወር የምታስቡ ከሆነ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ጎርፍ እዚያ ደርሶ እንደሆነ የሰፈሩን ሰው ጠይቁ። ከተማውን በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ሳይሆን በግንቦት እዩት። የሥራ ቀን አሳልፉበት። ትምህርት ቤቱን ስታዩ ልጃችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ፊቷንም እዩ። የኛዋ ቅዳሜ ዕለት ካረፍንበት ቤት ጀርባ ልጆች በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ገመድ ሲዘሉ አገኘቻቸው። ስንጠራት አልመጣችም።

የእናቴን የእሁድ ቡና የሚተካ ነገር ግን አላገኘሁም። ፈልጌ ነበር። ስነግራት ረከቦቱን እየጠረገች ዝም አለችኝ፤ ቆይታም «ለመሆኑ እዚያ አጎበር ይሸጣል?» አለች። ያንን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ሰኞ ለአለቃዬ እሺ አልኩ፤ ለአንድ ዓመት፣ ከዚያ እንደገና ልንነጋገር።

አሁን ቤታችን ካርቶን በካርቶን ነው። ይህን ስጽፍ ልጄ ኮሪደሩ ላይ ሻንጣዎቹን ስትቆጥር እሰማታለሁ። «ኮው፣ ለባ፣ ሰደሕ...» አራትን ገና ስላላወቀችው እንደገና ከ«ኮው» ትጀምራለች።