ከቢቸና እስከ ሞጣ፤ ጉርድ ፎቶግራፍና የማስታወሻ ፎቶግራፍ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስደዋል፤ ሁለተኛው ወደ ሰሜን ታጥፎ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ያገባዋል። እኛ በ2014 ዓ.ም. የሄድነው በሁለተኛው ነበር። የጉዞአችንም ምክንያት ንግድ ወይም ሙግት አልነበረም፤ የአገሩ ሰው በቤቱ የሚያኖረውን ፎቶግራፍ ለማየት ነው እንጂ። ይህን የሰማ ሰው ነገሩ ትንሽ መስሎት ይስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ ማንን ወገኔ እንደሚል ማወቅ የሚሻ ሰው፥ ከማን ጋር ቆሞ ፎቶግራፍ እንደ ተነሣ ቢመለከት ብዙ ይማራል።

በቢቸና በገባንበት ቤት ሁሉ ግድግዳው ባዶ አልነበረም። ከቅዱሳን ሥዕል ቀጥሎ የሠርግ ፎቶግራፍ፥ ከዚያም ጥቁር ካባ ለብሶ የተመረቀ ልጅ፥ አልፎ አልፎም ጠጕሩን ያጐፈረው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ መልክ ይታያል። በላይ በዚህ አገር ጠላትን ሲዋጋ ኖሮ፥ ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን እንዲገዛ ተሾመ፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ይህን ከነገሩን በኋላ፥ «ተፈረደበት፤ እኛ ግን መልኩን ከግድግዳ አላወረድንም» አሉን።

ከዚያ ወደ ፎቶግራፍ ቤት ሄድን። በኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ማንሣት አስቀድሞ ይበልጡን የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክን መልክ ያነሣ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆኑ። ዛሬ ግን ተማሪው ለፈተና፥ ሠራተኛው ለቅጥር፥ ባላገሩም ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ ስለሚጠየቅ፥ ሳይነሣ የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ሙያ ያረጁት ፎቶግራፍ አንሺ የነገሩን ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልጠፋም። «ሰው ለመታወቂያ ሲመጣ ብቻውን ይመጣል፤ ፊቱንም ያጠነክራል። ለማስታወሻ ሲመጣ ግን ብቻውን አይመጣም» አሉን።

በእርግጥም ጉርድ ፎቶግራፍ ሰውን ከደረቱ በላይ ቈርጦ፥ ከጎረቤቱም ለይቶ ያሳያል። ይህ ብቻውን ጕዳት የለውም። ነገር ግን በአገራችን በብዙ ከተማ በቀበሌው መታወቂያ ከፎቶግራፉ አጠገብ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ፤ ባለጉዳዩም መልኩን ከሰጠ በኋላ ወገኑን በአንዲት ቃል እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። እናቱ ከአንድ ወገን አባቱ ከሌላ ወገን የሆነ ልጅ አንዱን መርጦ ሌላውን ለመተው ይገደድ ነበር። እንዲህ ያለው መስመር ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ሩዋንዳ ምስክር ናት። የቤልጂግ ገዥዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ በመታወቂያ ያጻፉት ሁቱና ቱትሲ የሚል ቃል፥ በ1994 በየኬላው የሚሞተውንና የሚያልፈውን መለያ ሆነ፤ ከእልቂቱም በኋላ ቃሉ ከመታወቂያው ተሰረዘ። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የጸናው የፋይዳ መታወቂያ የሰውን ፊት፥ የዐሥር ጣቱን አሻራና የሁለት ዓይኑን ብሌን ይመዘግባል እንጂ ብሔሩን አይጠይቅም። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከወረቀት የጠፋ መስመር ከልብም ጠፍቷል ማለት አይደለም።

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንጓዝ በደብረ ወርቅ አለፍን። በዚያች ደብር ወንጌላዊው ሉቃስ ሥሏታል ተብሎ የሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል በታላቅ ክብር ትጠበቃለች። በዚህ አገር የመልክ ነገር እንደ ቀላል እንደማይታይ ከዚህ ይታወቃል።

ሞጣ ስንደርስ አንዲት አሮጊት በቤታቸው ተቀብለው ቡና አፈሉልን። ስለ ምን እንደ መጣን በሰሙ ጊዜ ከሣጥናቸው አንድ ፎቶግራፍ አውጥተው አሳዩን። የልጃቸው ሠርግ ነው፤ ሙሽራዪቱ በመካከል ቆማለች፥ በቀኝዋ እርሳቸው፥ በግራዋ አንዲት የእስላም ሴት አሉ። «ይህች ጎረቤቴ ናት። ለእስላሞቹ ዘመዶቻችን ከብቱ በእነርሱ እጅ ታርዶ ድግሱ በርሷ ቤት ተሰናዳ፤ ሙሽራዪቱን ግን ሁለታችን አልቅሰን ሸኘናት» አሉን።

በሞጣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. አራት መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የእስላሞች ሱቆችም ጠፉ። ስለዚያ ቀን በጠየቅናቸው ጊዜ እማማ ብዙ ዝም ብለው ቈዩ። በኋላም «ያን ያደረጉት ልጆች ይህን ፎቶግራፍ አላዩም። እኔም አላሳየኋቸውም፤ በሣጥን ቈልፌበት ነበር» አሉ። ገልብጠን ብናየው በስተ ጀርባው «ለማስታወሻ» የሚል ብቻ ተጽፎበታል፤ የማንም ስም የለበትም። እርሳቸውም «እናንተ ትጽፋላችሁና ጻፉልኝ» ብለው ስሞቹን ነገሩን፤ ያስቀደሙትም የጎረቤታቸውን ስም ነበር።

ከሞጣ ወዲያ በዓባይ ላይ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ አለ። በጣልያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ከፈረሰ በኋላ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ብዙ ዓመት በገመድ እየተሳሳበ ይሻገር ነበር። በገመድ የተንጠለጠለ ሰው ወዲያ ማዶ የሚስበውን ሰው ወገኑን አይጠይቅም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ፥ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በአማራ ክልል የጦር ግጭት ተነሣ፤ የገባንባቸውን ቤቶች ባሰብን ቍጥር ልባችን ያዝናል። ስለዚህ የቤተ ሰብ አባትና እናት የሆናችሁ ሁሉ፥ ለልጆቻችሁ ገንዘብና መሬት ለማውረስ እንደምትደክሙ፥ በሣጥን ያለውን ፎቶግራፍ ደግሞ አውጡላቸው። በስተ ጀርባው ስሙንና ዓመቱን ጻፉበት፤ በአጠገባችሁ የቆመው ሰው ማን እንደ ሆነ፥ በማናቸው ቀን እንደ ደረሰላችሁም ንገሩ። ልጅ ስሙን ያወቀውን ሰው ባዕድ ነው ማለት ይከብደዋልና።