የድፍረት ቦታ

እንግሊዝኛ ለድፍረት ቃል አይቸግረውም። ቦልድሊ አለ፣ ብሬቭሊ አለ፣ ከሬጀስሊ፣ ፊርለስሊ፣ ኮንፊደንትሊ እያለ ይቀጥላል። ትምህርት ቤት ሳለን ሁሉንም «በድፍረት» ወይም «በልበ ሙሉነት» ብለን ሸምድደን አለፍናቸው። እኔ ግን እነዚህን ተውሳከ ግሶች የምወዳቸው በማይመሳሰሉበት በኩል ነው። መርፌ ሲወጋ ጥርሱን ነክሶ የቻለን ልጅ ብሬቭሊ ቻለው ይሉታል እንጂ ቦልድሊ አይሉትም። ብሬቭሊ ሕመም ወይም አደጋ መጥቶበት ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ነው፤ ቦልድሊ ደግሞ ማንም ሳያስገድደው አንድ እርምጃ ቀድሞ ለወጣ። ፊርለስሊ ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበረም ይላል። ብሬቭሊ ፍርሃትን አይክድም፤ እየፈራም ቢሆን አደረገው ለማለት ይበቃል። ለእኔ ከሁሉም የሚከብረው እሱ ነው።

ስለ ቦልድሊ ግን ብዙ ቀለም ፈሷል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ስታር ትሬክ የተባለው የጠፈር ድራማ የመርከቧን ተልዕኮ የሚያስተዋውቀው «ቱ ቦልድሊ ጎው» በምትል ሐረግ ነበር። በ«ቱ» እና በግሱ መካከል ሌላ ቃል ማስገባት ነውር ነው የሚሉ ሰዎች ደግሞ ከዚያ መቶ ዓመት ቀድመው ተነሥተዋል። የካንተርበሪ ካቴድራል አለቃ የነበሩት ሄንሪ አልፎርድ በ1864 ይህን አነጋገር ነቅፈው ጽፈዋል። በ1926 የታተመው የፋውለር የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት በበኩሉ ነገሩን አለዘበው፤ ትርጉሙ ከሚምታታ ወይም ዓረፍተ ነገሩ ከሚንጋደድ ቃል መሀል ቢገባ ይሻላል ባይ ነው። እኔ ከፋውለር ጋር ነኝ። «ቱ ጎው ቦልድሊ» ብትሉ ሰውየው መጀመሪያ ይሄዳል፣ ድፍረቱ ከኋላ ይደርስበታል። «ቱ ቦልድሊ ጎው» ስትሉ ግን እግሩ ከመነሣቱ በፊት ልቡ ተነሥቷል። ድምፁም ላላ ጠበቅ፣ ላላ ጠበቅ እያለ አብሮ ይራመዳል።

ቦታ ይህን ያህል ኃይል እንዳለው ይበልጥ የሚታየው በብሬቭሊ ላይ ነው። ፍርድ ቤት የቆመች ምስክር አስቡ። የዛተባት ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ድምጿ ይቆራረጣል፤ የመሐረቧን ጫፍ በጣቷ ታፍተለትላለች፤ ዐይኗን ከወለሉ አታነሣም። ሆኖም የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች። ስለ እሷ «ሺ ብሬቭሊ አንሰርድ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ መመለሷ ራሱ ድፍረት ነው ማለት ነውና። «ሺ አንሰርድ ብሬቭሊ» ቢባል ግን ነገሩ ወደ አመላለሷ ያዘነብላል፤ ድምጿ ጸንቶ፣ ቀና ብላ ተናገረች የሚል ሥዕል ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ አልሆነም። በአማርኛችን ግስ መጨረሻ ስለሚቀመጥ እንዲህ ያለው ተውሳክ ሁልጊዜ ከፊቱ ይመጣል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ይህ ልዩነት በቀላሉ ያመልጠናል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ድፍረት የሚመዘገብበት ቦታ ግን ከግሱ ፊት ያለው ነው። ይህን አለማስተማር የሚያስቆጭ ነገር ነው።

በኮንፊደንትሊ ላይ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች የእንግሊዝኛ ማመልከቻቸውን እንዳይላቸው ያመጡልኛል፤ ይህን ቃል የማያስገባ ጥቂት ነው። ሌላው የሚመሰክርልንን ነገር እኛው ለራሳችን ስንመሰክረው አንባቢው ማስረጃ ይፈልጋል። በቅርቡ አንዲት የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ ያመጣችው ደብዳቤ በየመስመሩ ኮንፊደንትሊ፣ ስትሮንግሊ ይላል። ስለ ቀድሞ ሥራዋ ስጠይቃት፣ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አልፈርምም ብላ ከአለቃዋ ጋር ሳምንት ሙሉ ተኳርፋ እንደነበር ነገረችኝ። ያ በደብዳቤው ውስጥ የለም! «ይኼማ ሥራዬ ነው» አለች። ሁለት ኮንፊደንትሊ አውጥተን እሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገባነው።

ድፍረትን የሚመሰክረው ሰው ማን እንደሆነም መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1955 መጀመሪያ ላይ፣ በአላባማ ሞንትጎመሪ፣ ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ተሳፋሪ መቀመጫዋን እንድትለቅ የአውቶቡሱ ሹፌር ሲያዛት እምቢ አለች። ታሰረች፤ ከፍርድ ቤት ወጪው ጋር 14 ዶላር ተቀጣች፤ የከተማዋ ጥቁሮችም 381 ቀን ከአውቶቡስ ርቀው በእግራቸው ሄዱ። ይህችው ድርጊት የሚጠላት ሰው ቢጽፋት ብሬዝንሊ ትሆናለች፤ ዐይን ያወጣ፣ እንደ ናስ የጠጠረ ድፍረት ማለት ነው። የሚያከብራት ሰው ከሬጀስሊ ይላታል። እኛም «ደፋር» የምንለው አንዱን ልናሞግስ፣ ሌላውን ልንነቅፍ ስለሆነ ይህ አይጠፋንም። ፓርክስ ራሷ በ1992 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ስለዚያ ምሽት የምትለው ሌላ ነው፦ ሰዎች ከሥራ ደክሟት ነው ያልተነሣችው ይሉ ነበር፤ ሰውነቷ ግን ከሌላው ቀን የበለጠ አልደከመም፤ የደከማት እሺ ማለት ነበር።

ተማሪ ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛ ጻፍ ቢባል እጁ ላይ ያለው ግስ «ተቀመጠች» ብቻ ነው፤ የሮጠ የለ፣ የጮኸ የለ። ከሬጀስሊን ከዚህ ግስ ኋላ ቢያደርገው ስለ አቀማመጧ ያወራል። ከፊቱ ቢያስገባው ግን በዚያ አውቶቡስ ውስጥ፣ በዚያ ሰዓት፣ መቀመጥ ራሱ ድፍረት እንደነበር ይናገራል።