ገደል ማሚቶና ጨረቃ

ተመልሶ ለሚመጣ ድምፅ አማርኛ ያወጣለትን ስም እወደዋለሁ፤ ገደል ማሚቶ። ስሙ ገደሉን ሰው ያደርገዋል፤ ከወዲያ ማዶ ተቀምጦ የሰማውን የሚመልስ ሰው። ምህንድስና በተማርሁበት ዘመን የራዳር መጽሐፍ በከፈትሁ ቁጥር ይህ ስም ትዝ ይለኝ ነበር። ራዳርም ያው ተጣሪ ነውና። በአጭር በአጭሩ የተቆረጠ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ዝም ይላል፤ ያዳምጣል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚከንፍ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚመለሰው መልስ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ይደርሳል።

ችግሩ የመልስ ማጣት ሳይሆን የመልስ መብዛት ነው። ተራራው ይመልሳል፣ ሕንፃው ይመልሳል፣ ማዕበሉም ዝናቡም ይመልሳል። የአንዲት አውሮፕላን መልስ በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ከሹክሹክታ ያነሰ ነው። ታዲያ በምን ትለያለች? በመንቀሳቀሷ። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ፕራግ ላይ እንዳቀረበው፣ ከሚቀርብ ነገር የሚመጣ ሞገድ ይቀራረባል፤ ከሚርቅ ነገር የሚመጣው ይራራቃል። እርሱ ይህን ያሰበው ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም ነበር። በቀለሙ ነገር ተሳስቷል፤ ሕጉ ግን ጸንቶ ቀረ። የሞገዱ ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ 50 ሜትር ወደ ራዳሩ የምትገሠግሥ አውሮፕላን የመልሱን ድግግሞሽ በ1,000 ኸርዝ ትለውጣለች። ከ3 ቢሊዮን ውስጥ 1,000! ይህችን ቅንጣት ለመያዝ ራዳሩ የአንዱን ጥሪ መልስ ከቀጣዩ ጥሪ መልስ ላይ ይቀንሳል። ተራራው ያንኑ ስለሚደግም ራሱን በራሱ ይሰርዛል፤ የተንቀሳቀሰው ይቀራል።

ዘዴው ግን ስውር ጎዶሎ አለው፤ ከሁሉ የሚደንቀኝም ይኸው ነው። ራዳሩ በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚጣራ ቢሆን፣ ያችው አውሮፕላን በሁለት ጥሪዎች መካከል የምትጓዘው ልክ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ሞገድ ነው። መሄጃውና መመለሻው ሲደመር ሙሉ ሞገድ ይሆንና መልሷ እንደ ተራራው መልስ ሳይለወጥ ይመጣል። እየገሠገሠች የቆመች ትመስላለች፤ አብራም ትሰረዛለች። መሐንዲሶች «ዕውር ፍጥነት» ይሉታል። መድኃኒቱ የጥሪውን ምት ማዛነፍ ነው፤ ከበሮው ምቱን ሲለውጥ አብሮ ያልለወጠ ጨፋሪ እንደሚታወቅበት ሁሉ።

ከዚያም የተረፈው መልስ ምን ያህል ቢጎላ ነው «አለ» የሚባለው? ደፉ ዝቅ ቢል ወፉ ሁሉ ጠላት ይሆናል፤ ከፍ ቢል ጠላት ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ራዳሩ ደፉን አንድ ጊዜ ወስኖ አይተወውም፤ የእያንዳንዷን ነጥብ ጉልበት በዙሪያዋ ካሉት አማካይ ጋር እያመዛዘነ ይፈርዳል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1960 በግሪንላንድ፣ ቱሌ ላይ የነበረው የአሜሪካ የሚሳይል ማስጠንቀቂያ ራዳር ብርቱ መልስ ሰማ። ኮሎራዶ ላለው የአየር መከላከያ እዝ የደረሰው ወሬ የሶቪየት ሚሳይሎች እየመጡ ነው የሚል ነበር። መኮንኖቹን ካጠራጠራቸው ነገር አንዱ ክሩሽቼቭ በዚያው ቀን ኒው ዮርክ መሆኑ ነው፤ ይህን የነገራቸው ግን ራዳሩ አልነበረም። ሲጣራ ለካ ከኖርዌይ በላይ የወጣችው ጨረቃ ኖራለች። ከ384,000 ኪሎ ሜትር ያህል የተመለሰው ማሚቶ ሁለት ሰከንድ ተኩል ፈጅቶበታል፤ ራዳሩ በዚያ መካከል ደጋግሞ ተጣርቶ ስለነበር፣ የዘገየውን መልስ ለቅርቡ ጥሪ የተሰጠ አድርጎ ወሰደው።